የእናቴ አሞክሲሲሊን መሥራት አቆመ፤ አፏ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ለልጄ ይተላለፋል?

የሳቢያኗ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ጉዳዩ የጥርስ ነው፤ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ጥርሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ብረዝምባችሁ ታገሡኝ።

እናቴ 61 ዓመቷ ነው። በቀኝ በኩል ያለው የታች መንጋጋ ጥርሷ ከተቦረቦረ ስድስት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ያብጣል። መጀመሪያ ቅርንፉድ ትነክስበታለች። በማግሥቱ ጉንጯ ሲወጠር ሰው ልካ አሞክሲሲሊን ታስገዛለች። እስካሁን «የሐኪም ማዘዣ አምጪ» ያላት የለም። ሦስት አራት ቀን ትውጥና እብጠቱ ሲጎድል ታቆማለች። የተረፈውን አትጥልም፤ «መድኃኒት እንዴት ይጣላል?» ትላለች።

ባለፈው እሑድ ቤት ሳጸዳ፣ የምታስቀምጥበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። ውስጡ አምስት ጅምር ማሸጊያዎች ነበሩ። አንዱ ላይ አራት ፍሬ ቀርቷል፤ ሌላው ላይ ሁለት። የአንዱ የአገልግሎት ጊዜ ካለፈ ዓመት ሆኖታል። ከሁሉም በታች የነበረው ማሸጊያ ላይ ያሉት ካፕሱሎች በሙቀት ለስልሰው ተጣብቀዋል። አንዱን ለማውጣት ስጫነው ቀዩ ግማሽ ከቢጫው ተላቀቀና ዱቄቱ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ጀርባው ላይ ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ ተጽፏል። በግንቦት እኛ ቤት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከ30 ዲግሪ በታች የሚሆን ቁም ሳጥን የለም። ከዚያ ቆርቆሮ ደግሞ እናቴ ብቻ አይደለችም የምትወስደው። ጥርሱን ያመመው፣ ጉሮሮው የቆሰለ ጎረቤት ሁሉ በራችንን ያንኳኳል፤ እሷም የለኝም ብላ አታውቅም። ሰፈራችን ተካፍሎ የሚኖር ሰፈር ነው።

በዚህ ወር ግን መድኃኒቱ እንቢ አለ። ሰባት ቀን ሙሉ ወሰደች። እብጠቱ ትንሽ ጎደለ እንጂ አልጠፋም። ከጥርሱ ሥር ድዷ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታክል እባጭ ወጥታ ፈነዳች፤ አሁን ጠዋት ጠዋት አፏ ውስጥ መራራ ነገር እንደምታገኝ ትነግረኛለች። መግል ነው።

ልጄ 2 ዓመት ከ3 ወሩ ነው። እኔ ሥራ ስውል የምታሳድገው እናቴ ናት። ገንፎው እንዳያቃጥለው በእሱ ማንኪያ ቀምሳ ነው የምታጎርሰው። ዳቦ ከጠነከረበት ደግሞ በጥርሷ አላምጣ ትሰጠዋለች፤ እኛንም ያሳደገችን እንደዚህ ነው። ሰሞኑን በሰው አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መድኃኒት የሚቋቋሙበት ዘረ መል እንደሚይዙና እርስ በርስ እንደሚቀባበሉ አነበብኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኪያውን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል።

እናቴ መድኃኒቱን «ለመደችው» ማለት ነው? የለመደው ነገር ወደ ልጄ አፍ ይሄዳል? ነገ ልጄን የሳንባ ምች ቢይዘው መድኃኒት እንቢ ሊለው ነው?

ደግሞ አንድ ቀን ብቻ «እማዬ፣ በራስሽ ማንኪያ ቅመሺ» አልኳት። ማንኪያውን አስቀምጣ ወደ ግቢ ወጣች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም። እንዴት ብዬ እንደምነግራትም ምከሩኝ።

---

የመጋላው

አይዞሽ እህቴ። እኔም እንደ እናትሽ ነበርኩ። አሞክሲሲሊን ሲያቅተኝ ክላቭላኔት የተቀላቀለበትን ገዛሁ፤ በሁለተኛው ቀን እብጠቱ ሄደ። ገንዘቡ ይበዛል እንጂ ኃይለኛ ነው። እሱን ካላገኘሽ ደግሞ ሦስቷን የአዚትሮማይሲን ፍሬ ሞክሪላት። በቀን አንድ ስለሆነች ለትልቅ ሰው አትከብድም፤ እኔ ጉንፋን ሲጠናብኝ ሁልጊዜ የምወስደው እሷን ነው። እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ።

---

ላቦራቶሪ ከሐረር

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሐረር ውስጥ በሕክምና ላቦራቶሪ 17 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ባክቴሪያ በምናበቅልበት ክፍል ነው። የጥርስ ሐኪም አይደለሁምና የጥርሱን ነገር ለባለሙያው እተወዋለሁ። ስለ ባክቴሪያው ግን የማውቀውን ልንገርሽ።

መድኃኒቱን የተላመደው የእናትሽ አካል አይደለም። የሰው አካል ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ከእሳቸው አያልፍም ነበር። የተቋቋሙት ባክቴሪያዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳሉ። «መላመድ» የሚለው ቃላችን ራሱ ያሳስታል። እያንዳንዱ ባክቴሪያ ቀስ በቀስ መድኃኒቱን የሚለማመድ ያስመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በሰው አፍ ውስጥ ከ700 በላይ የባክቴሪያ ዝርያዎች ተለይተዋል። ከእነዚህ መካከል መድኃኒቱን የማምከኛ መመሪያ በዘረ መላቸው የያዙ ጥቂቶች ቀድሞውንም አሉ። መድኃኒቱ ሲመጣ ሌላው ይሞታል፤ እነሱ ይቀራሉ፤ ቦታውና ምግቡም የእነሱ ይሆናል። እናትሽ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያደረጉት ይህንን ምርጫ መደጋገም ነው።

በዓይኔ ያየሁትን ልጨምርልሽ። አንድ ጊዜ ለተለማማጅ ተማሪዎች ለማሳየት የራሴን ምራቅ የበግ ደም በተቀላቀለበት ማብቀያ ሳህን ላይ ቀባሁ። መደበኛ ምርመራ አይደለም፤ ለማስተማሪያ ብቻ ነበር። በላዩ ላይ መድኃኒት የነካቸውን ክብ ወረቀቶች አስቀመጥኩ፤ እያንዳንዷ ከሸሚዝ ቁልፍ ታንሳለች። በማግሥቱ ጠዋት ሳህኑን ከማሞቂያው አውጥቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። የአፍ ባክቴሪያዎች ሳህኑን እንደ ጤዛ ሸፍነውት፣ ቀዩ ደም በዙሪያቸው ወደ አረንጓዴ ተለውጦ ነበር። በፔኒሲሊኗ (የአሞክሲሲሊን ዘመድ ናት) ወረቀት ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ንጹሕ ቀለበት ነበር፤ ቀለበቱ ውስጥ ግን አራት አምስት ነጠብጣቦች ብቻቸውን በቅለው ቆመዋል። ቴትራሳይክሊን በተባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ወረቀት ዙሪያ ደግሞ ቀለበት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ መጥቶ ነክቷታል። ቴትራሳይክሊን የዋጥኩበትን ጊዜ እኔ አላስታውስም። አንዲት ተማሪ «ታዲያ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው።

መልሱ ያነበብሽው ዝውውር ነው። ቴትራሳይክሊንን ለመቋቋም በአፍ ባክቴሪያዎች ውስጥ በብዛት ከሚገኙት ዘረ መሎች አንዱ ቴት ኤም ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጓዘው ቲኤን 916 በተባለ ተንቀሳቃሽ የዘረ መል ቁራጭ ወይም በእሱ ዘመዶች ላይ ተሳፍሮ ነው። ይህ ቁራጭ ራሱን ከተቀመጠበት ቦታ ቆርጦ ያወጣል፤ ክብ ይሆናል፤ ሁለት ባክቴሪያዎች ሲነካኩ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ጎረቤቱ ከሌላ ዝርያ ቢሆንም አይከለክለውም። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው ነጭ ሽፋን ደግሞ ባክቴሪያዎች ጎን ለጎን ተጨናንቀው የሚኖሩበት ሰፈር ነው፤ ለዝውውሩ ከዚያ የሚመች ቦታ የለም። እናንተ ሰፈር ካፕሱሉ ከቆርቆሮው እየወጣ ቤት ለቤት እንደሚዞረው፣ እዚያም የመቋቋሚያው መመሪያ ይዞራል።

አሞክሲሲሊን ላይ መንገዱ ሌላ ነው። በመግል ውስጥ ዘወትር ከምናገኛቸው አንዱ ፕሪቮቴላ የሚባል ኦክስጅን የማይወድ ባክቴሪያ ነው። ብዙዎቹ ሲኤፍኤክስ ኤ የተባለ ዘረ መል ይይዛሉ። ይህ ዘረ መል ቤታ ላክታሜዝ የተባለውን ኢንዛይም ያሠራል፤ ኢንዛይሙም የአሞክሲሲሊን ሞለኪውል የሚሠራበትን ዋና ቀለበት ይቆርጠዋል። መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ተራ ዱቄት ነው። ኢንዛይሙ ደግሞ ወደ አካባቢው ስለሚወጣ ራሱን መከላከል የማይችለው ጎረቤት ባክቴሪያም አብሮ ይድናል።

ወንድሜ የመጋላው ያለው ከዚህ ጋር ይገናኛል። ክላቭላኔት ያንን ኢንዛይም ስለሚያስር በእሱ ላይ መሥራቱ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ግን ሐኪም አይቶ የሚያዘው እንጂ አሞክሲሲሊን ስላቃተ በራስ የሚሸጋገሩበት ደረጃ አይደለም። አዚትሮማይሲንን ለጉንፋን መውሰድን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ አዚትሮማይሲን ቫይረስ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የቤልጂየም ጥናት ነበር። 224 ጤነኛ ፈቃደኞችን ከፍለው፣ ለአንዳንዶቹ አዚትሮማይሲን ለ3 ቀን፣ ለሌሎቹ ዘመዱን ክላሪትሮማይሲን ለ7 ቀን፣ ለቀሩት ባዶ ክኒን ሰጧቸው። ከዚያ ጉሮሯቸው ውስጥ ያሉትን ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያዎች ተከታተሉ። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ የሚቋቋሙት ባክቴሪያዎች በአንድ ጊዜ በዙ፤ ከ180 ቀን በኋላም ወደ ነበሩበት አልተመለሱም። ሦስት ፍሬ ዋጥክ፤ ምልክቱ ግማሽ ዓመት አለፈ። ወንድሜ፣ ይህንን የምለው ልወቅስህ አይደለም፤ እኔም ይህንን ሳላውቅ ወስጄዋለሁ።

እነዚህ ዘረ መሎች አዲስ ፍጥረት አይደሉም። ጀርመን ውስጥ ዳልሃይም በተባለ ቦታ ከተቀበሩ የመካከለኛው ዘመን ሰዎች ጥርስ ላይ የተጋገረውን ድንጋይ ሲመረምሩ፣ ወደ 1000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው በዚያ ቆሻሻ ውስጥ ዛሬ መድኃኒት ለመቋቋም የሚያገለግሉትን የሚመስሉ ዘረ መሎች ተገኝተዋል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ፔኒሲሊን የተገኘው በ1928 መሆኑን አስቢ። ዘሩ ጥንትም ነበረ፤ እኛ ያደረግነው ውኃ ማጠጣት ነው።

አሁን ወደ ልጅሽ። አዎ፣ በምራቅ ይተላለፋል፤ አልዋሽሽም። ግን ልብሽን አረጋጊ። ልጅሽ በእናትሽ ማንኪያ ባይበላም ከአንቺ፣ ከአባቱ፣ ከጎረቤት ልጆች ይቀበላል። አንቲባዮቲክ በማይወስዱ ሕፃናት አፍ ውስጥ ሳይቀር ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። እነዚህ በአብዛኛው ሰላማዊ የአፍ ነዋሪዎች ናቸው፤ አንድ ልጅ ስለያዛቸው ብቻ አይታመምም። የሚያሳስበኝ ሌላ መንገድ ነው። የሳንባ ምችና የጆሮ ሕመም የሚያመጣው ኒሞኮከስ በሕፃናት አፍንጫ ጀርባ ይቀመጣል። የአፍ ነዋሪ የሆነው ስትሬፕቶኮከስ ሚቲስ የቅርብ ዘመዱ ነው። ኒሞኮከስ ከዚህ ዘመዱ የዘረ መል ቁርጥራጮችን እየወሰደ፣ ፔኒሲሊን ተጣብቆ የሚያጠቃውን የራሱን ፕሮቲን እንደ ተጣፈ ልብስ አድርጎ ለውጦታል። ሰላማዊው ነዋሪ ያጠራቀመውን አደገኛው የሚወስደው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ በ45 ቀኑ የሚጀመረውን ክትባት ልጅሽ ጨርሶ እንደሆነ ካርዱን ተመልከቺ። የኒሞኮከስ ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሁለተኛው ነገር፣ በየጉንፋኑ ከዚያ ቆርቆሮ ምንም አይሰጠው።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በታኅሣሥ 1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ያደረገውን ንግግር ለተማሪዎቼ ሁሉ አነብላቸዋለሁ። ምሳሌ ብሎ ስለ አንድ ሰው ይናገራል። ሰውዬው ጉሮሮውን ያመዋል፤ ከሱቅ ፔኒሲሊን ይገዛል፤ ባክቴሪያውን የማይገድል ግን መቋቋምን የሚያስተምር መጠን ይወስዳል። ከዚያ ወደ ሚስቱ ያስተላልፋል። ሚስቱ የሳንባ ምች ይይዛታል፤ ፔኒሲሊን ሲሰጧት አይሠራም፤ ትሞታለች። ታሪኩ የአንድ ቤት ታሪክ ነው። ፍሌሚንግ ይህንን ያለው መድኃኒቱ ገና ለሕዝብ መዳረስ በጀመረበት ጊዜ ነው።

---

የሳቢያኗ እናት (ጠያቂ)

ወንድሜ፣ ቃል የለኝም። የክትባት ካርዱን አየሁት፤ ሦስቱንም ወስዷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተነፈስኩ።

ሁለት ነገር ልጨምር። እናቴ ከሰዓት በኋላ ጫት ትቅማለች። ቀኙ ስለሚያማት በግራ ጉንጯ ነው የምትይዘው፤ የቀኑን ካፕሱል የምትውጠውም እዚያው በርጫው ላይ በሻይ ነው። ይህ ለውጥ ያመጣል? ጥርሷን ደግሞ በመፋቂያ እንጂ በብሩሽ አታጸዳም። መፋቂያው ጎጂ ነው የሚሉኝ አሉ።

የጥርስ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስላት «ይነቅሉኛል» ብላ ትፈራለች። አንድ ጊዜ ሄዳ ነበር፤ የሄደችበት ቦታ አፏን ሳያዩ በር ላይ አሞክሲሲሊን ጽፈው መለሷት። ከዚያ ወዲህ «ያው እሱኑ ነው የሚሰጡኝ፣ ራሴ እገዛለሁ» የምትለው በዚህ ምክንያት ነው።

---

የከዚራዋ የጥርስ ሐኪም

እኅቴ፣ ስለ ጥርሱ እኔ ልመልስልሽ። እናትሽ ማፈራቸውና መፍራታቸው አልገረመኝም፤ አፋቸውን ሳያይ የመለሳቸው ሰው በደላቸዋል።

ጥርስ ውስጥ ነርቭና የደም ሥር የያዘ ለስላሳ ክፍል አለ። የእናትሽ ያ ክፍል ከሞተ ቆይቷል። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ ደም በማይደርስበት የሞተ ጥርስ ውስጥ አሞክሲሲሊንም ሆነ ከእሱ የሚበልጥ ሁሉ አይገባም። በዙሪያው ያለውን እብጠት ያበርዳል፤ ምንጩን አይነካም። ስለዚህ እብጠቱ ይወርዳል፤ ከአራት ወር በኋላ ይመለሳል። ባክቴሪያው ምንም ዓይነት የመቋቋሚያ ዘረ መል ባይኖረው እንኳ ይመለስ ነበር። ከሐረር የጻፉት ወንድማችን ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ግን በየዓመቱ ሦስት ጊዜ መድኃኒት የሚጠራው ያ አንድ ጥርስ ነው። ጥርሱ ካልታከመ ቆርቆሮው አይዘጋም።

ድዱ ላይ የፈነዳችው እባጭ መግሉ መውጫ ያገኘባት ቀዳዳ ናት። ሕመሙን ስለምታቀለው ሰው ዳንኩ ይላል፤ አልዳነም። የሚያስፈልገው ጥርሱን መንቀል ወይም የሚተርፍ ከሆነ ሥሩን ከፍቶ ማጽዳትና መሙላት ነው። የትኛው እንደሚሆን ራጅ ሳይነሣ አልናገርም። ትኩሳት ከሌለና እብጠቱ የማይስፋፋ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ሥራ ጋር አንቲባዮቲክ ጨርሶ አያስፈልግም። ስኳር ወይም ግፊት እንዳለባቸው ግን ሳትመረመሩ አትምጡ።

አንድ ነገር አደራ። እብጠቱ ወደ አገጭ ሥር ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ አፋቸውን መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካቃታቸው፣ ዓይናቸው ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው ቀጠሮ አትጠብቂ። በሌሊትም ቢሆን ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። መንጋጋ ጥርስ የጀመረው እብጠት የመተንፈሻ ቱቦን የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ አይቼዋለሁ።

መፋቂያ ጎጂ አይደለም። ዋናው ነገር ያንን የተለጠፈ ሽፋን በየቀኑ ማፍረስ ነው፤ መድኃኒት ሽፋኑን ዘልቆ ለመግባት ይቸገራል፤ ፍትጊያ ግን ያፈርሰዋል። ችግሩ እናቶቻችን የፊት ጥርሳቸውን አሳምረው ፍቀው የመንጋጋውን ጀርባ መርሳታቸው ነው። ማታ ደግሞ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና በብሩሽ ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።

ስለ ማንኪያው፦ ጥርስ የሚያበላሸው ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ወደ ሕፃን አፍ በብዛት የሚገባው ከሚያሳድገው ሰው ነው። ስለዚህ በራስ ማንኪያ መቅመስና አላምጦ መስጠትን መተው ጥሩ ነው። ግን «አፍሽ ልጄን ይጎዳዋል» ተብሎ አይነገርም፤ እኔም ብባል ወደ ግቢ እወጣ ነበር። «እማዬ፣ ጥርስሽ ይታከም፤ ልጁ አንቺን ይፈልግሻል» በያት። እጇን ታጥባ ታጉርሰው፤ ጉርሻ የሚከለክል ሕክምና የለም።

---

ላቦራቶሪ ከሐረር

የጫቱን ጥያቄ እኔ ልውሰደው። የመን ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አለ። ሰዎች ጫት እየቃሙ የአሞክሲሲሊን የቅርብ ዘመድ የሆነውን አምፒሲሊን ሲወስዱ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው መጠን በግልጽ ቀንሷል። ቅሚያው ካበቃ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወስዱት ግን አልተነካም። አሞክሲሲሊን ላይ ተጽዕኖው ያነሰ ነበር፤ የቀነሰው መቃሚያው መሐል ላይ ሲወሰድ ነው። እናትሽ የወሰዱት ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ወደፊት ሐኪም መድኃኒት ካዘዘላቸው ከበርጫው አርቀው፣ በውኃ ይዋጡ። የጎደለ መጠን ደግሞ ፍሌሚንግ የተናገረው ያ መጠን ነው።

በሙቀት የተጣበቁትንም ማንም እንዳይውጣቸው።

---

የመጋላው

እኔም አንብቤዋለሁ። ቤት ያስቀመጥኳት አንድ የአዚትሮማይሲን ማሸጊያ ነበረች፤ ዛሬ ለመድኃኒት ቤት ባለሙያ መለስኳት። እህቴ፣ በስሕተት ስለመከርኩሽ ይቅርታ።

---

የሳቢያኗ እናት (ጠያቂ)

ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ፤ ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግሁም።

ከሐረር የተጻፈውን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ባክቴሪያው ሳነብላት ዝም ብላ ቡና ትለቅም ነበር። የሰውዬው ሚስት የሳንባ ምች ያዛት የሚለው ላይ ስደርስ እጇ ቆመ። «ሞተች?» አለችኝ። ምሳሌ ነው አልኳት። «ምሳሌም ቢሆን» አለችና ለረጅም ጊዜ ልጄን አየችው። ከዚያ ተነሥታ ቆርቆሮውን ራሷ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደችው።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ግፊቷ 180 ስለደረሰ አልነቀሉላትም። ግፊት እንዳለባት ያወቅነው በዚያ ቀን ነው። መድኃኒት ጀምራ በ15 ቀኗ ተመለስን። ራጁ ላይ ሥሩ ጫፍ ጋ አጥንቱ እንደ ጥላ ጠቁሮ አየነው፤ ጥርሱ አይተርፍም አሉን። የነቀለችላት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ጥርሱን በጋዝ ላይ አስቀምጣ አሳየችን፤ በአንዱ ሥር ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ሥጋ ተንጠልጥላለች። «እማማ፣ ስድስት ዓመት ያሳበጠዎት ይህች ናት» አለቻት። እናቴ ትንሽ ቆይታ «ካፕሱሉስ?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ ትኩሳት እንደሌላት፣ እብጠቱም እንዳልተስፋፋ ተመልክታ አያስፈልግም አለች። ለሕመሙ ፓራሲታሞል፣ ከማግሥቱ ጀምሮ ደግሞ ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ብቻ። ሦስት ቀን ጫት አትቅሙ ስትላት ግን ፊቷ ላይ ያየሁት ሐዘን ከጥርሱ ይበልጥ ነበር፤ ቢሆንም ቃሏን ጠበቀች።

ዛሬ 11ኛ ቀኗ ነው። ቀዳዳዋ ተዘግታለች። ጠዋት አፏ አይመራትም።

ከቀፊራ ገበያ ሁለት ማንኪያ ገዝታ መጣች። የራሷ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስራበታለች፤ ገንፎውን በእሱ ትቀምስና የልጄን ታነሣለች። ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

ትናንት ማታ ከጎናችን ያሉት እትዬ ጉንጫቸውን ይዘው ካፕሱል ፍለጋ መጡ። እናቴ ቆርቆሮውን ከፍታ ባዶ መሆኑን አሳየቻቸው፤ ያሉትን ሁሉ መድኃኒት ቤት እንዲያስወግዱልን ሰጥተናል። አስቀምጣ ሻይ ቀዳችላቸውና ስለዚያች የምስር ፍሬ ነገረቻቸው። ሐሙስ በግራ በኩል ላለው ጥርሷ ቀጠሮ አላት፤ በአንድ ባጃጅ አብረው ይሄዳሉ።